የታከመ ውሃ

ሽታ ይለመዳል ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። ቆዳ ፋብሪካው ውስጥ በተቀጠርኩ ሰሞን ገና ከበሩ ሳልደርስ አፍንጫዬን በሻሼ እሸፍን ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ባልደረቦቼ እጃቸውን ታጥበው ክበብ ውስጥ ሽሮ ሲጎርሱ፣ እኔ ደረቅ ዳቦዬን ይዤ ነፋስ ወደሚመጣበት አጥር ጥግ እሸሽ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላኝ አብሬያቸው ተቀምጬ ጎረስኩ። ዛሬ ሳስበው ከሽታው ይልቅ መልመዴ ይቀፈኛል።

ፋብሪካው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ በበዛበት ተዳፋት አናት ላይ ነው። ጨው የተነሰነሰበት ጥሬ ቆዳ በጭነት መኪና ይገባል፣ ያማረ ለስላሳ ቆዳ ሆኖ ይወጣል። መሃል ላይ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም። መሃል ላይ ደም አለ፣ ሞራ አለ፣ ኖራ አለ፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ሰልፋይድ የሚባል ኬሚካል አለ። ቆዳው ኖራና ሰልፋይድ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ በትልቅ የእንጨት በርሜል ሲሽከረከር ውሎ ያድርና ፀጉሩ ይሟሟል። ሲወጣ ነጣ ያለ፣ ያበጠ፣ የሚያዳልጥ ነገር ነው። በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስለምመለስበት ነው።

እኔ የአንኮበር ቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ኬሚስትሪ ተምሬ የተቀጠርኩበት መደብ «የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ» ይባላል። ለእናቴ በስልክ ነገርኳት።

«ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተምረሽ ጥበቃ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ዘበኛ ማለት አይደለም። አካባቢውን ነው የምጠብቀው፤ ውሃውን፣ አየሩን።»

«ከማን?»

«ከፋብሪካው።»

«ደሞዝሽን የሚሰጥሽስ?»

«ፋብሪካው።»

«እንዲህ ያለ ዘበኛ አይቼ አላውቅም» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ለጓደኞቼም እንደ ቀልድ አወራሁላቸው።

ሥራዬ ቀላል ነበር ማለት ይቻላል። ሕጉ ፋብሪካ ፍሳሹን ሳያጣራ እንዳይለቅ ያዛል። እኛም ማጣሪያ ጣቢያ አለን፤ አራት የሲሚንቶ ገንዳ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ፓምፕ፣ እንግዳ ሲመጣ ፎቶ የሚነሳበት የብረት ድልድይ። እኔ ስቀጠር ፓምፑ ተቃጥሎ ነበር። መለዋወጫው መንገድ ላይ ነው ይባላል፤ ሁልጊዜም መንገድ ላይ ነው። ጣቢያውን የሚጠብቁት አንድ ጡረታቸው የደረሰ ሰው ነበሩ፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሥራ ሲፈቱ በገንዳው ዙሪያ ጎመን ተከሉ። ጎመኑ እንደ ጉድ አደገ። ጋሼ ራሳቸው ግን አይበሉትም ነበር፣ ለማን እንደሚሰጡት ጠይቄያቸው አላውቅም።

ፍሳሹ ታዲያ የት ይሄዳል? ገንዳዎቹን ሳይነካ በጎን በተቀበረ ቱቦ ያልፋል። ሠራተኛው «ባይፓስ» ይለዋል። የፀጉር ማራገፊያው ውሃም፣ ከማቅለሚያው የሚወጣው ትኩስ ውሃም እዚያው ይቀላቀላል። ቱቦው ከአጥሩ ሥር ወጥቶ፣ በባሕር ዛፉ መሃል ወርዶ ወንዝ ይገባል ይባላል። ጫፉን ሄጄ አይቼው አላውቅም። አካባቢ ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ እንግዲህ።

በየሦስት ወሩ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሪፖርት እጽፋለሁ። አንዲት ዓረፍተ ነገር አትቀርም ነበር፦ «ከምርት ሂደት የወጣው ፍሳሽ በአግባቡ ታክሞ ወደ አካባቢው ተለቋል።» ታክሞ የሚለው ቃል ከመመሪያው የመጣ ነው። ፍሳሽም እንደ በሽተኛ ይታከማል። ቃሉን ወድጄው ነበር፤ ከኋላው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ያለ ያስመስላል።

ከሪፖርቱ ጋር ናሙና ይሰጣል። ተቆጣጣሪው ሽማግሌ ቢጤ፣ ዘወትር የደከመው ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ ያለችው አንድ መኪና ስለሆነች ከመምጣቱ በፊት ይደውልና «ናሙናውን አዘጋጅታችሁ ጠብቁኝ» ይላል። የመጀመሪያው ጊዜ ላይ ጠርሙሱን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄድኩ። ጨዋ ሰው ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

«ከየት ልቅዳ?» አልኩት።

«እህቴ፣ የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ሩቅ ነው እንዴ?» አለኝ።

ቀዳሁ። ይህን ለማንም ስነግር ሰው ሁሉ በሥራ አስኪያጁ ይናደዳል፣ እኔም እዚያ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን የቀረውን ማንም አላዘዘኝም። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቼ ሳየው በጣም ጠራብኝ። እንዲህ የጠራ ውሃ ከቆዳ ፋብሪካ ወጣ ቢባል ማን ያምናል? ስለዚህ ከገንዳው የዘቀጠውን በሲኒ ቀድቼ ጠብ አደረግሁበት፣ እንዲደፈርስ ያህል። ከጊዜ በኋላ መጠኑን እጄ ለመደው፣ የወጥ ጨው እንደሚመጥን ሰው። ቅጹ ላይ «ናሙናው የተወሰደበት ቦታ» የሚል መስመር አለ። «የመውጫ ቱቦ» ብዬ እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ። በሙያዬ እኮራ ነበር።

እናቴ በኅዳር ወር ከአንኮበር መጣች። ጉልበቷን ያማታል፣ ብርድ ሲጠና ደግሞ ደረጃ መውጣት ያቅታታል። ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ሐኪሙ ክኒን ሰጣትና «እናቴ፣ ዕድሜ ነው» አላት። በዚህ ተቀየመችው። ከበፊት ጀምሮ እኔ ዘንድ ስትመጣ እግሯን በለጋ ቅቤ ማሸት የኔ ሥራ ነው። ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሳሽ የቤተ ዘመዱን ወሬ ትነግረኛለች፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን እንደተጣላ። እኔና እናቴ የምንቀራረበው በዚያ ሰዓት ነበር፤ ሌላ ጊዜ ሁለታችንም ቁጡዎች ነን።

በዚያ ሰሞን ግን የሪፖርት ጊዜ ሆኖብኝ ደክሜ እገባለሁ። ቅቤውን ላውጣ ስላት «ተይው ልጄ፣ ዛሬ ታክሜያለሁ» ትለኛለች።

«የት ታከምሽ?»

«አከራይሽ የወሰደችኝ ፍል ውሃ። አዲስ የፈለቀ ነው፤ ሰው እንደ ጉድ ይጎርፋል።»

ደብረ ብርሃን ላይ ፍል ውሃ? ቆላው ውስጥ እንጂ እዚህ ውርጭ ላይ ፍል ውሃ ሰምቼ አላውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሆዴ አንድ ነገር ያወቀ ይመስለኛል። ግን አልጠየቅኩም። አከራዬ እናቴን ስለወሰደችልኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የብቸኝነቷ ነገር አሳስቦኝ ነበርና።

እቤት ስገባ ደግሞ ያ የእንቁላል ሽታ ይቀበለኛል። ከኔ ጋር የመጣ መሰለኝ። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው እንኳ ፊቱን ወደ ውጭ ማዞሩን ለምጄዋለሁ። ልብሴን አውልቄ በረንዳ ላይ እሰቅላለሁ፣ ፀጉሬን እታጠባለሁ፣ ሽታው አይለቅም። «ሸተትኩሽ አይደል እማዬ?» ስላት «የሥራ ሽታ አያሳፍርም» ትለኛለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ የናቴን ሽታ ከራሴ ላይ ሳጥብ ከረምኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ አልነበረኝም። እናቴ በረንዳው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች፣ አከራዬ ደግሞ አጠገቧ ምስር ትለቅማለች። ቅቤውን ይዤ ወጣሁና እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ። «ተይ አልኩሽ እኮ» አለችኝ፤ አልሰማኋትም። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰብኩት።

የእናቴ እግር ላይ ስስ፣ ሽበት የጀመረው ፀጉር ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የለም። ከጉልበቷ በታች አንዲት ዘለላ እንኳ አልቀረችም። ቆዳው ነጥቷል፣ አብጧል፣ አልፎ አልፎ ቀልቷል። አውራ ጣቴን አሳረፍኩበት። ሰረጎደ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ጣቴ ይህን ቆዳ ከኔ ቀድሞ አወቀው፤ በየቀኑ የምነካው ነውና።

«አየሽልኝ?» አለች እናቴ። «ፀጉሩ እንኳ ረገፈ። በሽታው ይዞት ነው የወጣው አሉኝ።»

«አያቃጥልሽም?»

«ያቃጥላል እንጂ። ካላቃጠለ ምኑን መድኃኒት ሆነ?»

አከራዬ ከምስሯ ቀና ብላ «ጠበል ነው እንዳንል የደብሩ አስተዳዳሪ ከለከሉን» አለች። «ያልተጸለየበትን ውሃ ጠበል አትበሉ፣ ምን እንደሆነም ሳታውቁ አትግቡበት አሉ።»

«እኔም ጠበል አላልኩም» አለች እናቴ ፈጠን ብላ። «የቄስ ሚስት ነኝ፣ ልዩነቱን አውቃለሁ። ፍል ውሃ ነው ያልኩት።»

ተነስቼ ከጓሮ ሄድኩና አስመለስኩ። ስመለስ እናቴ እርጉዝ ነሽ እንዴ በሚል ዓይን አየችኝ።

በማግስቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሦስታችን ወረድን። ባጃጁ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ጥሎን ተመለሰ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ስንገባ ከዛፎቹ በላይ የጭስ ማውጫ አየሁ። የኛው ነው። ፋብሪካዬን ከጀርባው አይቼው አላውቅም ነበር። ተዳፋቱ መሃል ላይ መሬቱ ሰርጉዶ ረጥቧል፤ የባሕር ዛፍ ሥር ቱቦውን ሰብሮት ነበር። የቀረውን መንገድ ፍሳሹ አፈር ለአፈር ሄዶ፣ ታች ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ይወጣል። በዚያ ብርድ ላይ ይጨሳል። የማያውቅ ሰው ፍል ውሃ ቢለው አልፈርድበትም፤ ይሞቃል፣ እንደ ፍል ውሃ ይሸታል፣ ከድንጋይ ሥር ይፈልቃል።

ዙሪያውን ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው እግራቸውን ነክረው ተቀምጠዋል። ይጫወታሉ፣ ይሳሳቃሉ። ከአሊዩ አምባ ሸቀጥ ይዛ የወጣች አንዲት ሙስሊም ነጋዴ ወገቧን በእፍኟ እየታጠበች «ሺፋ ነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ትናንት ጎንበስ ማለት አልችልም ነበር» ትላለች። ቢጫ ጀሪካን የያዙ አሉ። ዳር ዳሩን ቀይና ጥቁር የከብት ፀጉር እንደ ተባዘተ ጥጥ ተጋግሯል። «ከብትም ይታጠብበታል መሰል» አለች አከራዬ፣ በቁም ነገር። ድንጋዮቹ ላይ የኖራው ዝቃጭ ደርቆ ነጭ ቅርፊት ሠርቷል። አንዲት አሮጊት በጥፍራቸው ፈቅፈው ምላሳቸው ላይ አደረጉት።

«ጨው ቢጤ ነው» አሉ፣ ፊታቸውን አጨማደው።

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። ሰዎቹ ላሱት። እኔ ግን ስንት ጊዜ ገደሉ ሲናድ አይቼ አላለቀስኩም፣ ደህና ነው ብዬ ፈረምኩ እንጂ። ለእንደኔ ዓይነቱ ተረትም አልተተረተለትም።

ቦርሳዬ ውስጥ አሲድ መለኪያ ወረቀት ነበረኝ። ቀድጄ ነከርኩት፣ ወዲያው ጠቆረ፣ ድፍን ሰማያዊ ሆነ፤ ቆዳ የሚበላ የኖራ ውሃ ምልክት ነው።

«ወረቀቱ ምን አለሽ?» አለችኝ ነጋዴዋ።

«ውጡ አለኝ» አልኩ። «ሁላችሁም ከውሃው ውጡ። ይሄ ፍል ውሃ አይደለም፤ የቆዳ ፋብሪካ እጣቢ ነው። የከብት ፀጉር የምናራግፍበት ኬሚካል ነው። እግራችሁን እየላጠው ነው።»

አንዳንዶቹ እግራቸውን አወጡ። አሮጊቷ ተፉ፣ በነጠላቸው ጫፍ ምላሳቸውን ጠረጉ። አንዷ ግን «ፋብሪካው ሊወስደው ፈልጎ ነው የላካት፣ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው ሊሸጡት ነው» አለች፣ ሌሎቹም ነገሩ ገባቸው። እግራቸውን መልሰው ነከሩ። ነጋዴዋ ብቻ ዕቃዋን ሰበሰበች። «ምን እንዲህ አስጮኸሽ? እናትሽ ናት?» ብላ እናቴን አየቻት፣ ከዚያ ወገቧን በሻሿ አደራርቃ ወጣች።

እናቴ ፊቷን አዙራ መንገድ ጀመረች። ሰው ፊት አሳፍሬያታለሁ። ባጃጅ እስክናገኝ ድረስ ክንዷን ይዤ ልደግፋት ስል እየሳበች አከራዬን ተደገፈች።

እቤት ገብተን እግሯን በንጹሕ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩላት። ውሃ ሲነካት ጥርሷን ነከሰች። በዚህ ጊዜ ነው የጠየቀችኝ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«እዚያ መውጣቱን አላውቅም ነበር።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። መለቀቁን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለመንግሥት ወረቀት የምትጽፊው አንቺ አይደለሽም? ምን ብለሽ ነው የምትጽፊው? አንብቢልኝ።»

ኮምፒውተሬን ከፍቼ አነበብኩላት። ከምርት ሂደት የወጣው ፍሳሽ በአግባቡ ታክሞ ወደ አካባቢው ተለቋል። 

«ታክሞ?» አለች።

«ታክሞ።»

«ማን አከመው?»

«ማንም።»

እግሯን ከሳፋው ውስጥ አወጣች። በራሷ ነጠላ አደረቀችው፣ ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጎተተች። «እኔ ነኝ የታከምኩበት» አለች። ቀጥላም በዝግታ፣ ያለ ቁጣ፣ «ጥበቃ ነኝ ስትይኝ ስቄብሽ ነበር። ዘበኛ ብትሆኚ ይሻል ነበር ልጄ። ዘበኛ ሌባ ሲያይ ይጮኻል» አለችኝ።

እኔ የምሰድበው ሰው አጣሁ። ሥራ አስኪያጁን፣ ፓምፑን፣ ባሕር ዛፉን፣ ሁሉንም በሆዴ ሰደብኩ፤ ዞሮ ዞሮ ፊርማው የኔ ነው። ያቺ ሲኒ ትዝ አለችኝ። ሰው ስንት ነገር አስቀያሚ ያደርጋል፣ ግን አጣፍጦ ሲያደርገው የበለጠ ያስጠላል።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ እናቴም ነገርኩት። የእውነት አዘነ፣ ይህን አልክድበትም፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«ቱቦውን ዛሬውኑ እንቀብረዋለን፣ ምንጩ ላይ አጥር እናጥራለን» አለኝ። «እናትሽን ደግሞ በፋብሪካው መኪና ክሊኒክ ውሰጃት። እናሳክማታለን።»

ያ ቃል ከሱም አፍ ወጣ። ሳቄ መጣ፣ ቶሎ ዋጥኩት።

«ፍሳሹስ?» አልኩት።

«ፓምፑ እኮ መንገድ ላይ ነው፣ እህቴ። ይልቅ ተቆጣጣሪው ረቡዕ እመጣለሁ ብሏል። ናሙናውን አዘጋጂ።»

እናቴን በፋብሪካው መኪና አልወሰድኳትም፤ በባጃጅ ወሰድኳት። ነርሷ ቅባት ቀባቻት፣ በፋሻ ጠቀለለችላት፣ «ምን ነካሽ እናቴ?» ብትላት «ውሃ» አለች እንጂ ሌላ አልጨመረችም። እኔን ልታድነኝ ነው ወይስ አፍራብኝ ነው፣ አላወቅሁም።

ረቡዕ ጠዋት ለሥራ ስወጣ አንድ ቢጫ ጀሪካን በሩ ላይ ቆሟል። አምስት ሊትር የሚይዝ፣ እናቴ አንኮበር ለጎረቤቶቿ ልትወስደው ከዚያ ውሃ የሞላችው ነው። ክዳኑን በላስቲክ አጥብቃ አስራዋለች፣ መንገድ ላይ እንዳይፈስ። እናቴ ከአልጋዋ ሳትነሳ ተናገረች።

«ውሰጂው። የናንተ ነው።»

ጀሪካኑን ባጃጁ ውስጥ እግሬ ሥር አድርጌ ሄድኩ። ቢሮ ስደርስ ተቆጣጣሪው ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሻይ ይዟል፤ ጠረጴዛው ላይ ባዶ ቅጽና ከቧንቧ የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ተዘጋጅቷል። ከኔ ቀድሞ ሌላ ሰው ቀድቶታል። አሁንም ጠርቶ ነበር፤ ሲኒዋን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝና። ጀሪካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ላስቲኩን ፈታሁ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብሎ የሻይ ብርጭቆውን ከአፉ አራቀ።

ቅጹን ሳብኩ። «ናሙናው የተወሰደበት ቦታ» በሚለው መስመር ላይ «ከእናቴ ጀሪካን» ብዬ ጻፍኩ። ከታች በኩል ከዚህ በፊት የሰጠኋቸው ናሙናዎች በሙሉ ከእጅ መታጠቢያ ቧንቧ የተቀዱ መሆናቸውን ጻፍኩና ፈረምኩ።

ተቆጣጣሪው መነጽሩን አስተካክሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የታከመ ውሃ ነው» አልኩት። «እናቴ ታክማበታለች።»

አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ምንጩን አሳዪኝ አለና ተነሳ። ከገንዳዎቹ አጠገብ ስናልፍ ጋሼ ጎመናቸውን ከሥሩ ይነቅሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነው የሚገመት ነው። የፀጉር ማራገፊያው ክፍል ታሸገ። ስንት ጊዜ መንገድ ላይ የከረመው ፓምፕ በሳምንት ውስጥ ደረሰ። ባይፓሱ በሲሚንቶ ተደፈነ፣ ምንጩም ደረቀ። ምንጩ በመድረቁ እስከ ዛሬ የሚረግመኝ ሰው ሰፈራችን ውስጥ አለ። እኔም ለፈረምኩት ሁሉ ተጠየቅሁ፣ ሥራዬንም ለቀቅሁ። አይገባኝም አልልም።

እናቴ ወደ አንኮበር ተመልሳለች። እግሯ ላይ የቆሰለው ድኗል ትለኛለች። ፀጉሩ ይብቀል አይብቀል አላውቅም። በየበዓሉ እሄዳለሁ፣ ለጋ ቅቤ ገዝቼ እወስድላታለሁ። ትመርቀኛለች፣ ታበላኛለች፣ ወሬውንም ሁሉ ትነግረኛለች። ከእግሯ ሥር ቁጭ ስል ግን ቀሚሷን ወደ ታች ትጎትታለች።

«እዚያ አስቀምጪው» ትለኛለች። «እኔው እቀባዋለሁ።»